ምርጦቹ የሚጎድሉበት የኮከቦች ጨዋታ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ11 ዓመት ልጄ በቅርጫት ኳስ ፍቅር ወድቋል። የዋሺንግተኑ የኤንቢኤ (የትልቁ ሊግ) ቡድን የዊዛርድስ ትኬት ስለሚከብደኝ፣ የታችኛው ሊግ ቡድኑን ካፒታል ሲቲ ጎ-ጎን ማየት ጀምረናል። በቀደም ስንመለስ መኪና ውስጥ «አባዬ፣ እነዚህኞቹስ የራሳቸው ኦል ስታር የላቸውም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። የታችኛው ሊግ የኮከቦች ጨዋታ አለ ወይ? ካለ ከመቼ ጀምሮ ነው? ከኤንቢኤውስ በምን ይለያል?

መልስ፦ አላቸው። ጥያቄው የልጅ ይምሰል እንጂ ውስጡ ብዙ ታሪክ አለ። እኔም ስለነዚህ ትንንሽ ሊጎች ለማውራት ሰበብ ሳላገኝ ቆይቻለሁና ትንሽ ረዘም ብል ይታገሱኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ለልጅዎ ባጭሩ እንዲህ ይበሉት። ዛሬ ጂ ሊግ የምንለው፣ ኤንቢኤ ራሱ የሚያስተዳድረው ሊግ፣ የመጀመሪያውን የኮከቦች ጨዋታ ያደረገው በ2007 ላስ ቬጋስ ላይ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩ ትንንሽ ሊጎችም የየራሳቸውን አድርገዋል።

ልዩነቱ ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ለኤንቢኤ ኦል ስታር የተመረጠ ተጫዋች ጫፍ ላይ ደርሷል። ከዚያ በላይ የሚወጣበት መሰላል የለም። የታችኛው ሊግ ኮከብ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ሲተኛም ሲነሳም ስልኩ እንዲጮህለት ይጠብቃል። ምርጫው ከወጣ በኋላ፣ ጨዋታው ከመድረሱ በፊት፣ አንድ የኤንቢኤ ቡድን «ና» ካለው ሻንጣውን ይዞ ይበርራል። ስሙ ከዝርዝሩ ይነሳል፤ በቦታው ሌላ ይገባል። ቅር የሚለው ሰው የለም። የቀድሞ ጓደኞቹ እንኳን ደስ አለህ ይሉታል። በዚህ ሊግ ኮከብ ተብሎ መመረጥ ክብር ነው፤ ተመርጦ መቅረት ግን ይበልጣል።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ።

በኤፕሪል 23፣ 1946 ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ ትንሽ ሊግ ተመሠረተ። ምሥራቃዊ ሊግ እንበለው፤ ስሙን ብዙ ጊዜ ቀያይሯል። በኋላ ኤንቢኤ የሆነው ሊግ የተመሠረተው ከእሱ ስድስት ሳምንት ገደማ ዘግይቶ ነው። ትንሹ ከትልቁ በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። ከተሞቹ ዊልክስ ባሪ፣ ስክራንተን፣ ሄዝልተን፣ አለንታውን፣ ሰንበሪ ነበሩ። አብዛኞቹ የድንጋይ ከሰልና የፋብሪካ ከተሞች ናቸው። ተጫዋቾቹ በሳምንቱ የሥራ ቀናት አስተማሪ ወይም ሠራተኛ ናቸው። ቅዳሜ ሲሆን በአንድ መኪና ተጨናንቀው ይሄዳሉ፣ ይጫወታሉ፣ የጨዋታቸውን ክፍያ ተቀብለው እሁድ ማታ ይመለሳሉ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ገበታ ላይ ናቸው።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። በ1951 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በቁማር ቅሌት ተናወጠ። ተጫዋቾች ገንዘብ ተቀብለው የውጤት ልዩነት ሲያስተካክሉ ተይዘው ታሰሩ። ሕዝቡ በስፖርቱ ላይ ያለው እምነት ወረደ። ያኔ ኤንቢኤ ገና ድሃ ሊግ ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ሃስኬል ኮኸን እንደ ቤዝቦል የኮከቦች ጨዋታ እናድርግ የሚል ሐሳብ አመጣ። ብዙዎቹ ፈሩ። የቦስተን ሴልቲክስ ባለቤት ዋልተር ብራውን ግን ኪሳራ ከመጣ ከኪሴ እከፍላለሁ ብሎ ቆመ። በማርች 2፣ 1951 ቦስተን ጋርደን ውስጥ 10,094 ሰው ገባ። የኤንቢኤ ኦል ስታር እንዲህ ተወለደ።

በዚያው ቅሌት የተነኩት ተጫዋቾችስ? የኤንቢኤ በር ለዘላለም ተዘጋባቸው። ከእነሱ አንዳንዶቹ ወደ ምሥራቃዊ ሊግ ሄዱ። ሸርማን ኋይት በዘመኑ ከምርጥ የኮሌጅ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ፍሎይድ ሌን ደግሞ በ1950 ሁለቱንም ትላልቅ የኮሌጅ ውድድሮች ያሸነፈው የኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ተጫዋች ነው። በ1955-56 ሁለቱም ለሄዝልተን ሆክስ ተሰለፉ። ከጄሲ አርኔል፣ ከቶም ሄማንስና ከፍሌቸር ጆንሰን ጋር አምስቱም ጥቁር ተሰላፊዎች ሆኑ። ኤንቢኤ አምስት ጥቁሮችን አንድ ላይ አሰልፎ ጨዋታ የጀመረው በ1964 መጨረሻ ነው፤ ቦስተን ሴልቲክስ።

እንግዲህ ያው ቅሌት ለትልቁ ሊግ የኮከቦች ጨዋታ ወለደለት፤ ለትንሹ ሊግ ደግሞ ኮከቦቹን ሰጠው። ትንሹ ሊግ ውስጥ ያሉት አቅም ያነሳቸው ብቻ ናቸው የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይህን ይንገሩት። ያኔ ኤንቢኤ ስምንት ቡድን ብቻ ነበር የነበረው። መቶ ሰው እንኳን የማይሞላበት ሥራ ነው። ለጥቁሮች ደግሞ ያልተጻፈ ኮታ ነበር። በር የተዘጋበት ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ፔንሲልቬንያ ይጫወታል።

ቀጥሎ የማነሳው ሊግ በትክክል የታችኛው ሊግ አይደለም። ግን ያለ እሱ ታሪኩ አይሟላም። ኤቢኤ ይባላል፤ ከ1967 እስከ 1976 የኤንቢኤ ተፎካካሪ ነበር። በጃንዋሪ 1976 ዴንቨር ላይ የኮከቦች ጨዋታ ሲያዘጋጅ ሰባት ቡድን ብቻ ቀርቶት ነበር። ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ መክፈል አልተቻለም። ስለዚህ መሪው ቡድን ዴንቨር ናጌትስ ለብቻው በአንድ ወገን ቆመ፤ ከሌሎቹ ቡድኖች የተመረጡ ኮከቦች በሌላ ወገን። ናጌትስ 144 ለ138 አሸነፈ።

የሚታወሰው ግን ጨዋታው ሳይሆን የእረፍት ሰዓቱ ነው። የናጌትስ ሥራ አስኪያጅ ካርል ሺርና ባልደረቦቹ ሰው ለመሳብ ሲሉ የደንክ፣ ማለትም ዘሎ ኳሷን ከላይ ቀለበቱ ውስጥ የመክተት፣ ውድድር አስገቡ። ጁሊየስ ኧርቪንግ ከሜዳው ማዶ ተንደርድሮ መጣ። ከቅጣት መወርወሪያው መስመር ላይ ተነሥቶ ኳሷን አስገባት። ሽልማቱ 1,000 ዶላርና የሙዚቃ ማጫወቻ ነበር። ሊጉ በዚያው ዓመት ሲፈርስ አራት ቡድኖቹ ኤንቢኤ ገቡ። ኤንቢኤ የደንክ ውድድሩን ወደ ኦል ስታሩ ያመጣው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1984 ነው፤ እዚያው ዴንቨር፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ። ዛሬ ልጅዎ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ የሚያየው ደንክ መነሻው ገንዘብ ያጠረው ሊግ ጭንቀት ነው። ሦስት ነጥብም ቢሆን ምሥራቃዊ ሊግ በ1960ዎቹ ይጠቀምበት ነበር፤ ኤንቢኤ እስኪቀበለው 1979 ደርሷል።

ምሥራቃዊ ሊግ በ1978 ስሙን ቀይሮ ሲቢኤ ሆነ። ለለውጡ አንዱ ምክንያት አንድ ቡድኑ አላስካ መሆኑ ነበር፤ አንከሬጅ ኖርዘርን ናይትስ። ከፔንሲልቬንያ በአውሮፕላን አላስካ እየሄዱ ምሥራቃዊ ሊግ ማለት አልሆነም። ኮሚሽነሩ ጂም ድሩከር ወጣት የሕግ ባለሙያ ነበር፤ ሐሳብ አያልቅበትም። ከነገሮቹ ሁሉ እኔ የምወደው የነጥብ አሰጣጡን ነው። ጨዋታውን ያሸነፈ ሦስት ነጥብ ያገኛል። ከጨዋታው አራት ሩቦች እያንዳንዱን ያሸነፈ ደግሞ አንድ አንድ ነጥብ። ድምሩ ሰባት ነው። በ30 ነጥብ እየተመራህም የመጨረሻውን ሩብ ለማሸነፍ ትታገላለህ። ተመልካቹ አዳራሹን ጥሎ አይወጣም። ዛሬም ቢሆን ይህ ደንብ ቢመለስ ደስ ይለኛል።

የሲቢኤ የኮከቦች ቀን የዚያ ሁሉ ፈጠራ ማሳያ ነበር። ደንክ አለ፣ የርቀት ውርወራ አለ፣ ኢኤስፒኤን የተባለው ያኔ ገና ጀማሪ የነበረ ቴሌቪዥን የሊጉን ጨዋታዎች ያስተላልፋል። እንደ ራፒድ ሲቲ፣ ላ ክሮስና ሲዳር ራፒድስ ያሉ ከተሞች ሌላ ትልቅ ቡድን የላቸውም። ለእንደዚህ ዓይነት ከተማ ሲቢኤ የራሱ የሆነ ነገር ነበር። ሰው ተጫዋቹን ሱቅ ውስጥ ያገኘዋል፣ ሰላም ይለዋል፣ ማታ ደግሞ ሄዶ ያጨበጭብለታል።

በዚያ ሊግ ያለፉትን ይመልከቱ። ፊል ጃክሰን በ1984 ኦልባኒ ፓትሩንስን ሻምፒዮን አደረገ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቺካጎ ቡልስ የሄደው። ጆርጅ ካርል በ1990-91 እዚያው ኦልባኒ 50 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው ስድስት ብቻ ነው። ጆን ስታርክስ በሲዳር ራፒድስ በኩል አልፎ የኒው ዮርክ ኒክስ ሰው ሆነ። ቲም ሌግለር ኦማሃ ውስጥ በሲቢኤ ሲወረውር ኖሮ በ1996 የኤንቢኤን የሦስት ነጥብ ውድድር አሸነፈ። የተማረው ትንሹ ሊግ ውስጥ ነው፤ ያጨበጨቡለት ትልቁ ውስጥ።

ሰዎቹ የሚሄዱበት መንገድ የ10 ቀን ኮንትራት ነው። የኤንቢኤ ቡድን ሰው ሲጎዳበት ወይም ሲጎድልበት አንድ ተጫዋች ለ10 ቀን ይወስዳል። ከወደደው አንድ ጊዜ ይደግመዋል። ከዚያ በኋላ ወይ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ይይዘዋል፣ ወይ ያሰናብተዋል። ይህ በር የሚከፈተው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። የኮከቦች ጨዋታ ደግሞ የሚደረገው በፌብሩዋሪ አጋማሽ አካባቢ ነው። ጊዜው ይጋጠማል። ትንሹ ሊግ ምርጦቹን ሰብስቦ ለማሳየት በሚዘጋጅበት ሰዓት ትልቁ ሊግ እነዚያኑ ምርጦች እየለቀመ ነው። ለዚህ ነው ዝርዝሩ ሁልጊዜ የሚሸነቆረው።

የሲቢኤ መጨረሻ ያሳዝናል። የቀድሞው የፒስተንስ ኮከብ አይዛያ ቶማስ በ1999 ሊጉን በሙሉ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛው። በዓመቱ የኢንዲያና ፔሰርስ አሰልጣኝ ሆነ። አሰልጣኝ ሆኖ ሊግ መያዝ ስለማይቻል ባለቤትነቱን መልቀቅ ነበረበት፤ ገዢ ግን ቶሎ አልተገኘም። በፌብሩዋሪ 2001 ሊጉ ወቅቱ ሳያልቅ ቆመ። ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው በውድድሩ መሃል የተዘጋው። በኋላ በስሙ ሌላ ሊግ ቢነሣም እስከ 2009 ብቻ ነው የዘለቀው።

በዚያው በ2001 መኸር ኤንቢኤ የራሱን ሊግ ከፈተ፤ በኋላ ዲ ሊግ የተባለው፣ ዛሬ ጂ ሊግ የምንለው ነው። ስምንት ቡድን ነበረው፤ ሁሉም በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች። መጀመሪያ ሲታይ የሚያጓጓ አልነበረም። አዳራሾቹ ባዶ ይውሉ ነበር። ኦል ስታርም አልነበረውም። በ2006 ግን ዳኮታ፣ አይዳሆና ሱ ፎልስ ከሲቢኤ ወጥተው ገቡ፣ ሌሎችም ተጨመሩ፣ ቡድኖቹ 12 ሆኑ። ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ መክፈል ተቻለ። የመጀመሪያው የዲ ሊግ ኦል ስታር በፌብሩዋሪ 2007 ከኤንቢኤው ጋር በአንድ ቅዳሜና እሁድ ላስ ቬጋስ ላይ ተደረገ። ምሥራቅ አሸነፈ።

የዚያ ቀን ኮከብ ተጫዋች ፖፕስ ሜንሳ-ቦንሱ ነው። ለንደን የተወለደ የጋና ልጅ ነው። ይሄን ለልጅዎ ይንገሩት፦ ሰውዬው የተማረው እናንተው አጠገብ፣ ዋሺንግተን ዲሲ፣ ጆርጅ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያም አልፎ በ2018 ጎ-ጎ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የተሾመው እሱ ነው። በመጀመሪያው የታችኛው ሊግ ኦል ስታር ኮከብ የነበረው ሰው እናንተ የምታዩትን ቡድን ገና ከመሠረቱ መርቶታል።

በዚያው የላስ ቬጋስ ቅዳሜ ማታ፣ በትልቁ አዳራሽ፣ የኤንቢኤን የደንክ ውድድር ያሸነፈው የ21 ዓመቱ የሴልቲክስ ተጫዋች ጄራልድ ግሪን ነበር። ልጅ እያለ የቀኝ እጁን አንድ ጣት ከፊሉን አጥቷል፤ ሆኖም እንደ ወፍ ይበርራል። ያን ማታ ያየው ሰው ይሄ ልጅ አለቀለት፣ ሚሊየነር ነው ብሎ ነበር የሚገምተው። አልሆነም። ከቡድን ቡድን ተወረወረ። ከኤንቢኤ ወጣ። ሩሲያ ሄደ፣ ቻይና ሄደ። በ2011-12 በዲ ሊግ የሎስ አንጀለስ ዲ-ፌንደርስ ተጫዋች ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ የሊጉ ከፍተኛ ደመወዝ ለአንድ ወቅት 25,500 ዶላር ገደማ ነበር።

በፌብሩዋሪ 2012 ኦርላንዶ ላይ የዲ ሊግ ኦል ስታር ኮከብ ተጫዋች ሆነ። በዚያው ሰሞን ኒው ጀርሲ ኔትስ የ10 ቀን ኮንትራት ሰጠው። በማርች 10 ከተወለደበት ከተማ ቡድን ከሂዩስተን ሮኬትስ ጋር ሲጫወቱ፣ አየር ላይ የተወረወረለትን ኳስ ተቀብሎ እጁን እንደ ወፍጮ አዙሮ አስገባው። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። በክረምቱ ከኢንዲያና ጋር የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። ቪዲዮውን ለልጅዎ ያሳዩት። ከእኔ ጽሑፍ ሁሉ እሱ ይበልጥ ይናገራል።

ያው የኦርላንዶ ሰሞን የሌላ ሰው ታሪክም አለበት። በጃንዋሪ 20፣ 2012 ጄረሚ ሊን በኒክስ ተልኮ ለኤሪ ቤይሆክስ አንድ የዲ ሊግ ጨዋታ ተጫወተ። 28 ነጥብ፣ 11 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ)፣ 12 አሲስት (ለነጥብ ያበቃ ቅብብል)። ኒክስ መለሰው። በፌብሩዋሪ 4 በኔትስ ላይ 25 ነጥብ አገባ፣ ከስድስት ቀን በኋላ በሌከርስ ላይ 38። ኒው ዮርክ አበደች። ኦል ስታሩ ሲደርስ ሊን ኦርላንዶ ነበር፤ ግን በዲ ሊጉ ጨዋታ ላይ ሳይሆን በኤንቢኤ የወጣት ኮከቦች ጨዋታ ላይ። ከአምስት ሳምንት በፊት ኤሪ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። አንዱ በትንሹ ጨዋታ አበራ፣ ሌላው ትንሹን ጨዋታ ዘሎት አለፈ።

እንዲህ ስል ጨዋታው ራሱ ሰው ያስቀጥራል ማለቴ አይደለም። የኦል ስታር ጨዋታ ውስጥ ተከላካይ የለም፤ ሁሉም ደንክ ነው፣ ሁሉም ረጅም ውርወራ ነው። መልማይ በዚያ አይፈርድም። የሊጉ እውነተኛ ገበያ ሾውኬዝ የሚባለው ዝግጅት ነው። ቡድኖቹ በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስበው የምር ጨዋታ ይጫወታሉ፤ የኤንቢኤ ሰዎች ማስታወሻ ይዘው ይቀመጣሉ። በ2005 የጀመረ ነው። ግሪንም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ በጥሩ ሁኔታ ስለተጫወተ ነው የተጠራው። ኦል ስታሩ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። ተጫዋቹ ወደ አውሮፓ ወይም እስያ ለመሄድ ሲደራደር ወኪሉ የሚያስቀድማት አንዲት መስመር ትሆናለች። ለዓመታት በአውቶቡስና በርካሽ በረራ ሲንከራተት ለኖረ ሰው ደግሞ ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ መስማት በራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ጨዋታው በኤንቢኤ ኦል ስታር ሰሞን መደረጉ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ፣ የቅርጫት ኳስ ሰው ሁሉ በዚያ ቀን አንድ ከተማ ውስጥ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ግን ይሰማኛል። ለዓመታት ጨዋታው የተደረገው በትልቁ አዳራሽ አልነበረም። ለደጋፊዎች በተዘጋጀ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ወለል ተነጥፎ፣ ልጆች በዙሪያው እየተሯሯጡ ነበር። ለሱ ፎልስ ሰው የራሱ ተጫዋች ኮከብ ሲሆን ማየት ማለት በአውሮፕላን ኦርላንዶ መሄድ ሆነ። እኔ ብጠየቅ በየጥቂት ዓመቱ ጨዋታውን ወደ አንዱ ቡድን ከተማ ይውሰዱት እላለሁ።

ሊጉ በ2017 በጌቶሬድ ስፖንሰርነት ጂ ሊግ ከተባለ በኋላ መልኩን ደጋግሞ ቀየረ። በ2018 ሎስ አንጀለስ ላይ የጂ ሊግ ኮከቦች የአሜሪካን ማሊያ ለብሰው ከሜክሲኮ ብሔራዊ ቡድን ጋር ገጠሙ። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በኤንቢኤ ወቅት መሃል መደረግ ስለጀመረ አሜሪካ በጂ ሊግ ተጫዋቾች ትጠቀም ነበር። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ኔክስት አፕ የሚባል የጂ ሊግ የኮከቦች ጨዋታ መጣ። የመጀመሪያው ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ሲደረግ ቡድኖቹ በሁለት አምበሎች ስም ተጠሩ፤ ስኩት ሄንደርሰንና ሉካ ጋርዛ። ሄንደርሰን ከጥቂት ወራት በኋላ በድራፍቱ፣ የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ቀን፣ ሦስተኛ ሆኖ ተመረጠ።

የዚያው ሰሞን የደንክ አሸናፊ ማክ ማክለንግ ነው። ይሄም የእናንተው ሰፈር ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ከቨርጂኒያ ተነሥቶ ሁለት ዓመት ጆርጅታውን የተጫወተ። ያን ዕለት ኤንቢኤ ውስጥ የተጫወተው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነበር። ዓመቱን ያሳለፈው ጂ ሊግ፣ ደላዌር ውስጥ ነው። በ2024 እንደ ጂ ሊግ ተጫዋች ተመልሶ ደገመው፣ በ2025 ሠለሰው። የደንክ ውድድሩን በ1976 የፈጠረው ገንዘብ ያጠረው ሊግ ነበር፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላም ያሸነፈው ከታችኛው ሊግ የመጣ ሰው ሆነ።

ለልጅዎ አንድ ጨዋታ ላቅርብለት። ለኔክስት አፕ የተመረጡት ሲታወጁ ስሞቹን ደብተሩ ላይ ይጻፋቸው። የጨዋታው ቀን ሲደርስ የገቡትን ከጻፋቸው ጋር ያስተያይ። የጎደለ ስም ካገኘ፣ ተጎድቶ ካልሆነ፣ የዚያን ሳምንት የኤንቢኤ የጨዋታ ውጤቶች ይክፈትና ከታች፣ ሦስት አራት ደቂቃ ብቻ ከተጫወቱት መሃል ይፈልገው።